ኮምፒዩተርን የማስተኛት ሥልጣን

ኮምፒዩተር ሥራ ፈትቶም ቢሆን ኃይል ይፈጃል። 40 ዋት የሚወስድ አንድ መሣሪያ ሠራተኛው ከቢሮ ወጥቶ እስኪመለስ 16 ሰዓት ሳይጠፋ ቢቆይ፣ 640 ዋት ሰዓት በከንቱ ያልቃል። ይህን ብክነት ለመግታት የተደረገው ጥረት ታሪክ ከላይ ሲታይ የቴክኒክ ጉዳይ ይምሰል እንጂ፣ ውስጡ የሥልጣን ጥያቄ ነው።

በ1992 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኢነርጂ ስታር የተባለውን መለያ ሲያወጣ፣ በመጀመሪያ የሰጠው ለኮምፒዩተሮችና ለስክሪኖቻቸው ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ባወጡት ኤሲፒአይ በተባለው ደንብ፣ ኃይልን የመቆጣጠሩ ተግባር ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተሰጠ። ስለሆነም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚያዝ ሰው የመሣሪያውንም እንቅልፍ የሚያዝ ሆነ።

ችግሩ በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ጎልቶ ታየ። አስተዳዳሪ ያልሆነ ተጠቃሚ የኃይል ምርጫውን ልለውጥ ቢል ይከለከል ነበር፤ ከምርጫው ከፊሉ የሚመዘገበው ለአስተዳዳሪ ብቻ በተፈቀደው የሬጅስትሪ ክፍል ነበርና። አስተዳዳሪውም ቢሆን፣ መላውን መረብ ከአንድ ቦታ በሚያዝበት በግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ስለ ኃይል የተዘጋጀ አንቀጽ አላገኘም። አንዳንዱ የሬጅስትሪውን ፈቃድ አላላ፤ ሌላውም ለሠራተኛው ሁሉ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ ለቫይረስ በር ከፈተ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ሁለቱን አስታረቀ፤ ተራው ተጠቃሚ እንዲመርጥ ፈቀደ፣ አስተዳዳሪው ደግሞ ሲያስፈልግ በግሩፕ ፖሊሲ እንዲወስን አደረገ።

በእነዚያው ዓመታት በአገራችን የወረዳ መስተዳድሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚያገናኘው ወረዳኔት ይዘረጋ ነበር። ጥያቄው ለእኛ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በሰሜን ተራሮች የሚገኘውን፣ ራስ ደጀን የቆመበትን የበየዳን ወረዳ በምሳሌነት እንውሰድ። የመረቡ አስተዳዳሪ በሩቅ ከተማ ሳለ መብራት ቢጠፋና ኮምፒዩተሩ በመጠባበቂያ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢቆይ፣ ሥራውን በዲስክ ላይ አስቀምጦ መሣሪያውን ማስተኛት የሚችለው ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። በዚያች ደቂቃ ፈቃድ መጠየቅ አይቻልም።

እንግዲህ የመረብ ሥርዓት የሚነድፍ መሐንዲስ ሁለት ቁልፎችን መለየት ይኖርበታል። ፕሮግራም የመጫንና ደኅንነትን የመጠበቅ ቁልፍ በአስተዳዳሪው እጅ ይቆይ፤ ኃይልን የመቆጠብ ቁልፍ ግን፣ የጋራው ወሰን ከተደነገገ በኋላ፣ ኃይሉ መቋረጡን አስቀድሞ ለሚያየው ሰው ሊሰጥ ይገባል።