ኖራና ክረምት በጎንደር

ጎንደርን ማን ጎዳት? መልሱን ብዙዎቻችን እናውቃለን፦ በአፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1859 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ጦር፣ በ1880 ድርቡሽ፣ ጣሊያን ሊወጣ ሲል የወረደው የእንግሊዝ ቦምብ። እኔን ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር በግንቡ ስንጥቅ የሚገባው ውሃ ነው።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ሲቆረቁሩ ግንበኞቻቸው የአካባቢውን ጥቁር ድንጋይ ያያያዙት በኖራ ነው። ሙያው በጣና ዙሪያ የተስፋፋው በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነበር። ኖራ እርጥበት ስለሚያሳልፍ ግንቡ የጠጣውን ዝናብ በጋ ሲገባ መልሶ ያስተነፍሰዋል። ስሚንቶ ግን እርጥበቱን ያፍነዋል፤ መውጫ ያጣው ውሃ ጨው ይዞ በድንጋዩ በኩል ሲወጣ ድንጋዩ ይላላጣል። ጣሊያኖች ከ1928 በኋላ ግንቦቹን የጠገኑት በስሚንቶና በአርማታ ነበር። ኋላ የተካሄዱ ጥገናዎች ወደ ኖራ ተመለሱ፤ የነገሥታቱ ግንቦች ያሉበት የፋሲል ግቢም በ1972 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ከድርቡሽ እሳት ንቦች አዳኑት ይባላል። የመላእክት ፊት የሞላበት ጣሪያ ከዚያ ወዲህ የቆየው ደግሞ ክዳኑን የሚያድሱ ሰዎች ስለነበሩ ነው። የሣር ክዳን አንድ ክረምት ከተዘነጋ ጠብታው የሚያርፈው ሥዕሉ ላይ ነው። በደባርቅና በዳባት ደጋ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሣሩ በቆርቆሮ ተተክቷል። ካህናቱን አልወቅስም፤ ክዳን ሣር እየጠፋ ነው፣ ጉልበቱም ውድ ነው። ሆኖም አሸንዳ ካልተሠራለት ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ የጭቃውን ግድግዳ ከሥሩ ይቦረቡረዋል።

በፋሲል መዋኛ ቅጥር ላይ የተጠመጠሙትን የዛፍ ሥሮች ጎብኚ ሁሉ ፎቶ ያነሳቸዋል። ዛሬ ይነቀሉ ቢባል ግንቡን ይዘው ይወርዳሉ፤ ችግኝ ሳሉ ግን የአንድ ሰው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበሩ።

በቅርቡ የፋሲል ግቢ ሰፊ ጥገና ተደርጎለታል፤ ከልብ ደስ ይለኛል። በጀት የሚመድቡትን የምለምነው ለቀጣዩ ዓመትና ለዚያ ለሚከተለው ነው። ኖራ ማቃጠልና ማብረድ የሚያውቁ ግንበኞች ቋሚ ደመወዝ ይቆረጥላቸው፤ ሙያውን የሚቀስሙ ወጣቶችም አብረዋቸው ይመደቡ። ሰኔ ሳይገባ የየሰገነቱ ፍሳሽ ይጠረግ፣ ስንጥቁ በኖራ ይሞላ፣ በግንቡ ላይ የበቀለውም ሥሩ ሳይወፍር ይነቀል።