ጨረቃ ላይ መከስከስ

"ጋሼ፣ ሦስቱም ሞቱ።"

እንዲህ የሚለኝ የእህቴ ልጅ ነው። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ኮምፒዩተሩን ታቅፎ ተቀምጧል። ድምፁ ግን መርዶ የሚያረዳ ሰው ድምፅ አይደለም። ጋዜጣዬን ዝቅ አድርጌ "እነማን ናቸው የሞቱት?" አልኩት። "ጠፈርተኞቹ ናቸዋ! ነዳጁን ቀድሜ ጨረስኩባቸው" አለኝና አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ሟቾቹ ተነስተው እንደገና ወደ ሰማይ ጉዞ ጀመሩ።

ጨዋታው ከርባል ስፔስ ፕሮግራም ይባላል። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ስኳድ በተባለ የማስታወቂያ ሥራ ድርጅት ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ የቀረበ ነው። ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች አሉልህ፤ መንኮራኩሩን ራስህ ትገጣጥማለህ፣ ራስህ ታስወነጭፋለህ፣ ራስህ ታሳርፋለህ። ስታሳርፍ እግሩ ከተሰበረ መሐንዲሱ ወርዶ ይጠግነዋል። ፓይለቱ አይችልም። መሐንዲስ ሳትጭን ከሄድክ እዚያው ተሰብረህ ቀረህ ማለት ነው።

ያን ቀን ከሰዓት ልጁ አሥራ አንድ ጊዜ ሲከሰከስ ቆጠርኩ። ረጅም ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ፣ ቀይ እስክሪብቶ እንደ ስድስተኛ ጣት የተጣበቀብኝ ሰው ነኝ። ለእኔ ስህተት ማለት ከውጤት ላይ የሚቀነስ ነገር ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ተሳስቶ ፊቱ የማይጠቁር ሰው አይቼ ስለማላውቅ ነገሩ ከነከነኝ። እነዚያ የእውነቶቹስ፣ ሲሳሳቱ መልሶ የሚያስነሳ ቁልፍ ያልነበራቸው፣ እንዴት ለመዱት?

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ቢኖር መለማመጃ ቦታ ያልነበራቸው መሆኑን ነው። የጨረቃ ስበት የምድር አንድ ስድስተኛ ነው፤ አየርም ስለሌላት ክንፍና ጃንጥላ ዋጋ የላቸውም፤ ያለህ ሞተር ብቻ ነው። ስለዚህ አሜሪካኖቹ የአልጋ ቃሬዛ የመሰለ፣ የብረት ዘንግ ተሰካክቶ ሞተር የተሸከመ አንድ አስቀያሚ በራሪ ነገር ሠሩ። መሐሉ ላይ ያለው የጄት ሞተር የክብደቱን አምስት ስድስተኛ ይሸከምለታል፤ የቀረችውን ስድስተኛ አብራሪው ጨረቃ ላይ እንዳለ አድርጎ ይታገላታል። ሜይ 6 ቀን 1968 ኒል አርምስትሮንግ በዚህ ነገር ሂዩስተን አጠገብ ሲለማመድ መሣሪያው ከእጁ ወጣና ተዘነበለ። እሱ ከነወንበሩ ተስፈንጥሮ በጃንጥላ ወረደ፤ መሣሪያው መሬት ላይ ወድቆ በእሳት ተበላ። ሰውዬው በዚያው ቀን ቢሮው ገብቶ ሥራውን ሲሠራ ተገኘ ይባላል። እኔ ብሆን ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠበል እገባ ነበር።

ሁለተኛው ልምምድ ግን ይበልጥ ያስደንቃል፤ ምክንያቱም የወደቀው ማሽን ሳይሆን ሰው ነው። ሂዩስተን ያለው መቆጣጠሪያ ክፍል ከሲሙሌተሩ ጋር ተያይዞ፣ ልክ እንደ እውነቱ ጉዞ ቀን ከቀን ይለማመዳል። ከጀርባ ደግሞ ሥራቸው ችግር መፍጠር ብቻ የሆነ ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ሪቻርድ ኩስ ነው። ጁላይ 5 ቀን 1969፣ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሊያርፍ 15 ቀን ሲቀረው፣ ኩስ በልምምዱ መሐል የመንኮራኩሯ ኮምፒዩተር 1201 የሚል የማስጠንቀቂያ ቁጥር እንዲያወጣ አደረገ። ያን ቁጥር የሚያውቀው ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ኃላፊነቱ የወደቀው በ26 ዓመቱ ስቲቭ ቤልስ ላይ ነው፤ ቤልስም ማረፉ ይቅር፣ ይመለሱ ብሎ ወሰነ። ተመለሱ።

ከልምምዱ በኋላ በተደረገው ግምገማ ላይ ውሳኔው ስህተት እንደነበረ ተነገረው። ቁጥሩ ኮምፒዩተሩ ሥራ እንደበዛበትና የማያስቸኩለውን ትቶ ዋናውን እየሠራ መሆኑን የሚናገር እንጂ ተመለሱ የሚል አልነበረም። በፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ቤልስ ይባረር ነበር። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ አለቃ ጂን ክራንዝ ግን ያዘዘው ሌላ ነው፦ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች በሙሉ አንድ በአንድ ተጠንተው ይቅረቡ። የ24 ዓመቱ ጃክ ጋርማን ዝርዝሩን በእጁ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 20 ቀን 1969፣ አርምስትሮንግና ኦልድሪን ወደ ጨረቃ ሲወርዱ ኮምፒዩተሩ 1202 አለ። ደግሞ ደገመው። ኋላ ላይም ያችው 1201 መጣች። ጋርማን ወረቀቱን አይቶ ለቤልስ ነገረው፤ ቤልስ ቀጥሉ አለ። አርምስትሮንግ ድንጋይ የሞላበትን ጉድጓድ በእጁ እየነዳ አልፎ፣ ነዳጁ ሊያልቅ ከአንድ ደቂቃ በታች ሲቀረው አረፈ።

ይህን ሳነብ አንድ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። የአንድ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ለምን አገሩን ጥሎ እንደሄደ ጠይቄ፣ እጁን አውጥቶ የመለሰልኝ መልስ አሳቀኝ። እኔ ስስቅ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ዓመቱ እስኪያልቅ ያ ልጅ እጁን አላወጣም። ኩስ ጨዋታውን ያበላሸው ቤልስ ከ15 ቀን በኋላ እንዲያውቅ ብሎ ነው፤ እኔ ግን ምን ፈልጌ ነው የሳቅኩት? ለራሴ እስካሁን አልመለስኩትም።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። አርምስትሮንግ በተመለሰበት በዚያው 1969 መኸር ላይ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሌክሲንግተን በምትባል ከተማ ጂም ስቶረር የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የጨረቃ ማረፊያ ጨዋታ ጻፈ። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው። ማሽኑ ከፍታህንና ፍጥነትህን ወረቀት ላይ ያትማል፤ አንተ በየአሥር ሰከንዱ ምን ያህል ነዳጅ እንደምታቃጥል በቁጥር ትጽፋለህ። ካወቅህበት ታርፋለህ፤ ካላወቅህበት ጨረቃዋ ላይ የቆፈርከውን ጉድጓድ ጥልቀት ይነግርሃል። የእህቴ ልጅ ጨዋታ ቅድመ አያት ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። በ1973 ሥዕል ያለው ተሠራ፤ ሠሪው ጨረቃ ላይ ማክዶናልድስ የደበቀበት፣ አጠገቡ በደህና ካረፍክ ጠፈርተኛው ወርዶ ምግብ የሚገዛበት ነው። በ1979 አታሪ ሳንቲም እየጎረሰ ነዳጅ የሚጨምር አደረገው። ነዳጅ ሲያልቅ ኪስ መዳበስ ከዚያ ተጀመረ ማለት ነው።

የሚገርመው ግን የስቶረር ፕሮግራም ራሱ ስህተት ነበረበት። በ2024 አንድ ባለሙያ ነዳጅ በጣም የሚቆጥበውን አስተራረፍ በሒሳብ ሲፈልግ ጨዋታው እምቢ አለው። ጓዳውን ቢፈትሽ፣ አንድ ቀመር ውስጥ ለሁለት ማካፈል ተረስቷል። ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ! ይህን ያህል ዘመን ሰዎች ተከስክሰውበታል፣ አርፈውበታል፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ገልብጠውታል። ስቶረርም ኋላ የኮምፒዩተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆኗል። ቀይ እስክሪብቶ ይዘው የሚዞሩ ሁሉ ይህን ይስሙልኝ።

ስለ ጥገናውም ሳልናገር መቅረት የለብኝም፤ ልጁ መሐንዲስ መጫን የማይረሳው ያለ ነገር አይደለምና። ኤፕሪል 1970 አፖሎ 13 መንገድ ላይ የኦክስጅን ታንክ ፈነዳበትና ሦስቱ ሰዎች ለሁለት ሰው በተሠራችው የጨረቃ ማረፊያ ውስጥ ተጠለሉ። የሚተነፍሱት አየር መልሶ ሊገድላቸው ሆነ። የትልቋ መንኮራኩር የአየር ማጣሪያ አራት ማዕዘን ነው፤ የትንሿ ማስገቢያ ደግሞ ክብ። ሂዩስተን ያሉት በኤድ ስማይሊ መሪነት እዚያ ላይ ያለውን ዕቃ ብቻ ሰብስበው፣ በፕላስቲክ ከረጢት፣ በካርቶን፣ በልብሳቸው ቱቦና በፕላስተር ማጣበቂያ ሠርተው ሞከሩት፤ ከዚያ አሠራሩን በሬዲዮ አነበቡላቸው። ከጉዞው በጀርመን ኩፍኝ ስጋት የተቀነሰው ኬን ማቲንግሊም የመመለሻውን ቅደም ተከተል በማዘጋጀቱ ሥራ ላይ ተሳተፈ። ምድር ላይ ቀድሞ ያልተሞከረ ነገር ወደ ላይ አይላክም።

በፌብሩዋሪ 1971 ደግሞ አፖሎ 14 ሊወርድ ሲል የማቋረጫው ቁልፍ ማንም ሳይነካው ተጭኛለሁ ማለት ጀመረ። ከሽቦ ብየዳ የተረፈች ፍንጣሪ ገብታበት ይሆናል ተባለ። ሰሌዳውን ኳ ኳ ሲያደርጉት ይተዋል፤ ደግሞ ይጀምራል። ይህ በመውረድ ላይ እንዳሉ ቢከሰት ኮምፒዩተሩ መልሶ ወደ ላይ ያስወነጭፋቸዋል። ዶን አይልስ የተባለው ወጣት የፕሮግራም ጸሐፊ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኮምፒዩተሩ ያንን ቁልፍ እንዳይሰማ የሚያደርግ ዘዴ ጻፈ፤ ተሞክሮ ተላከ፤ ጠፈርተኞቹ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስገብተው አረፉ።

ይህንን ሁሉ ለልጁ ስተርክለት ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ አላነሳም። "ለሁለት ማካፈል ረሳ?" ብቻ አለኝ፤ ደስ ብሎታል። በአሥራ ሁለተኛው ሙከራ አረፈ። አረፈ ሲባል መንኮራኩሩ በጎኑ ተኝቷል፤ እግሩ ቢጠገንም የሚያቆመው የለም። ሦስቱ አረንጓዴ ሰዎች ወርደው ዙሪያውን ይዞራሉ።

"አሁንስ?" አልኩት።

"የሚያወጣቸው ሌላ መንኮራኩር እልካለሁ።"

ላከ። እሱም ተከሰከሰ፤ ግን ሰዎቹ ተረፉ። መብራት ሲሄድ ጨረቃ ላይ ስድስት ሰዎች ነበሩን።