የጋያና የሲጋር ነገር፦ ከዲጋ ጓሮ እስከ ሃቫና

አማርኛችን ለሲጋር የራሱ ስም የለውም። «ሲጋራ» የሚለው ቃል በምንጩ ከሙሉ የትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለው የወፍራሙ ስም ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን በወረቀት ለተጠቀለለችው ለቀጭኗ ተሰጠና ወፍራሙ ስሙን ተቀምቶ ቀረ። ዛሬ «ሲጋር»፣ አንዳንዴም «የኩባ ሲጋራ» እያልን እንጠራዋለን። ከነቀምት ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዲጋ ግን እንዲህ ያለ የስም ችግር የለም። ሙሉ ቅጠል አለ፤ የሚጨስበት ዕቃም ጋያ ይባላል።

ጋያን ለማያውቅ የከተማ አንባቢ ጥቂት ልበል። ታችኛው ክፍል ውኃ የሚይዝ ቅል ነው፤ በላዩ ከሸክላ የተሠራ የትምባሆ ማስቀመጫ ይቆማል፤ ጢሱ በውኃው ውስጥ እየተንደቀደቀ አልፎ በመቃ ወደ አፍ ይደርሳል። ትምባሆው የጓሮ ነው፤ ፍግ በጠገበ መሬት ላይ ይበቅላል። አጫሾቹም በአብዛኛው ልጅ ያሳደጉ፣ እርሻና ከብት የሚያውቁ ባልቴቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። አሮጊት ስታጨስ ማየት ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ ነገር ይሆናል፤ በወለጋ ገጠር ግን ጋያዋን የምታንደቀድቅ አያት በየሰፈሩ የምትታይ ነበረች። ታዲያ ይህ ልማድ እንዴት ሆኖ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደረገ? ያው ቅጠል ሃቫና ላይ ሲጠቀለልስ የጌትነት ምልክት የሆነው ለምንድን ነው?

የነገሩ ሥር ያለው በመቅደሱና በዙፋኑ መካከል ነው። ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1492 ኮሎምቦስ ኩባ ሲደርስ ወደ መሀል አገር የላካቸው ሁለት ሰዎች፣ ታይኖ የሚባሉት ነባር ነዋሪዎች የተጠቀለለ ቅጠል ለኩሰው ጢሱን ሲስቡ አዩ። ተክሉ ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ ሲዘልቅ የደጋው ካህናት ከእስልምናና «አረማዊ» ይሉት ከነበረው ልማድ ጋር ደምረው ቆጠሩት። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን (1864–1881 ዓ.ም.) ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበም አፍንጫው እንዲቆረጥ መታዘዙን አገሪቱን የጎበኙ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሃይማኖትን አንድ ለማድረግ የቆረጡ ሰው መሆናቸውን ለሚያስታውስ፣ የትምባሆው ትእዛዝ ከጤና ጋር ምንም ግንኙነት እንዳልነበረው ግልጽ ነው። ጢሱ የሌላ ሰው ምልክት ስለነበር ነው የተጠላው።

እዚህ ላይ ቡናን ማንሳት ግድ ይላል፤ ምክንያቱም የእሷም ክስ ያው ነበርና። ቡና መጠጣት ለክርስቲያን የማይገባ ተደርጎ ለረጅም ዘመን ተነውሯል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ግን ንጉሡ ራሳቸው ጠጧት፤ አቡነ ማቴዎስም ጥላቻው እንዲለዝብ ረዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፦ ቡና የሀገር ኩራትና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆነች፤ የወለጋው ቡናም «ለቀምቲ» በሚል የንግድ ስም ዓለምን ዞረ። ከሁለቱ ተከሳሾች አንደኛዋ ምሕረት አገኘች፤ ሌላኛው አላገኘም። ሞሮዳ በከሬ በ1870ዎቹ ለምኒልክ ገብረው ሌቃ ነቀምት ወደ ግዛቱ ስትጠቃለል፣ ከሹሙና ከወታደሩ ጋር ጋያን በንቀት የሚያይ ዓይንም አብሮ ገባ። በ1896 ዓ.ም. ኦኔሲሞስ ነሲብ ነቀምት ደርሰው የወንጌላውያኑ ትምህርት ሥር መስደድ ሲጀምር ደግሞ፣ አዲሱ አማኝ መጠጥንና ትምባሆን መተው የእምነቱ መታወቂያ አደረገው። በብዙ ነገር የማይስማሙት ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በጋያ ላይ ተስማሙ ማለት ነው።

መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖልን ሲያቋቁም ጉዳዩን ከኃጢአት መዝገብ አውጥቶ ወደ ገቢ መዝገብ አዛወረው። የፋብሪካው ሲጋራ የቢሮ ሠራተኛው፣ የመምህሩና የመኮንኑ የዘመናዊነት ምልክት ሆነ፤ ጋያ የገጠር አሮጊት ዕቃ ሆኖ ቀረ። ቅጠሉ ሲፈጭና በወረቀት ሲጠቀለል ክብር አገኘ።

ሲጋር ወደ ሐሳባችን የገባው በሌላ በር ነው። መጋቢት 1969 ፊደል ካስትሮ አዲስ አበባን ጎበኙ፤ በሚቀጥለው ዓመት የኩባ ወታደሮች ከእኛ ሠራዊት ጎን ሆነው በካራማራ ተዋጉ። የወደቁት ኩባውያን መታሰቢያ ዛሬም በትግላችን ሐውልት ቆሟል። ለእኛ ትውልድ ሲጋር ማለት በዚያ ጢማም መሪ ጥርስ መካከል ያለ ነገር ነበር። እኒሁ መሪ በ1977 ዓ.ም. ለሕዝባቸው ጤና ምሳሌ ለመሆን ብለው ማጨስ ማቆማቸውን ያስታወሰ ብዙ ሰው የለም፤ ፎቶግራፉ ከሰውየው ውሳኔ በላይ ዕድሜ አገኘ። ደግሞ ሲጋር የአብዮተኛ ብቻ ነው እንዳይባል፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1962 በኩባ ላይ ሙሉ የንግድ ማዕቀብ ከመፈረማቸው በፊት 1,000 ያህል የኩባ ሲጋር እንዲገዛላቸው ማዘዛቸውን ረዳታቸው ፒየር ሳሊንጀር ተርኳል። ማዕቀቡ ለሕዝቡ፣ ሲጋሩ ለፈራሚው!

ይህ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ሲጋር የቀመሰው ዲጋ ውስጥ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ አንድ ፍሬ አምጥቶ ሥርዓቱን አስረዳኝ። ጫፉ በስሱ ይቆረጣል፤ እሳቱ ቅጠሉን ሳይነካ በሙቀቱ ብቻ ይለኮሳል፤ ጢሱ ወደ ሳንባ አይወርድም፣ አፍ ውስጥ ተይዞ ይለቀቃል፤ በደቂቃ አንዴ ያህል መሳብ ይበቃል፣ ካጣደፉት ይግላል፣ ይመራል። የመጀመሪያው ሦስተኛ ክፍል ደረቅ እንጨትና በርበሬ ሰጠኝ፤ መሀሉ ላይ ከቡና ቆይታ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረውን ዓይነት ጣዕም አገኘሁ። ወደ መጨረሻው ግን ጢሱን ሳልውጠው ራሴ ዞረ፤ የሲጋር ጢስ ኒኮቲኑን በአፍ ቆዳ በኩል ስለሚያሳልፍ አለመዋጥ ከምንም አያድንም። ከአፍና ከጉሮሮ ካንሰርም አያድንም፤ አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል።

አጠገባችን የተቀመጡት የአባቴ እኅት ጋያቸውን አስቀምጠው ቁራጩን ተቀበሉኝ፤ ቅጠሉን በጣቶቻቸው መካከል አሹት፣ አሸተቱት። «ይህ ቅጠል ከርሟል፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ፣ አዳዳ?»

«ጥሬ ትምባሆ አፍንጫ ይወጋል። ይህኛውን ያሳደረው ሰው ትዕግሥት አለው።»

የኩባ ባለሙያዎች የሚሉትም ይኸንኑ ነው። ቅጠሉ ለሳምንታት በጎተራ ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ከዚያ ተከምሮ በራሱ ሙቀት እንዲብላላ ይተዋል፤ አፍንጫ የሚወጋው አሞኒያ የሚወጣለትም ያኔ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሃቫና ውስጥ ሊቅ ይባላል፤ የእኔ አክስት ግን ዕድሜ ልካቸውን ከተማ ሲወጡ ጋያቸውን ለመደበቅ ተገደዋል።

ወደ ቅርቡ ታሪክ ስንመጣ፣ መንግሥት በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ ለጃፓኑ ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በ2010 ደግሞ 31 በመቶ ያህሉን በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረለት። ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112ን አወጣ፦ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ ማጨስ ተከለከለ፣ ማስታወቂያ ታገደ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ወንጀል ሆነ። አዋጁን እደግፋለሁ፤ ከአፍሪካ ጥብቅ ሕጎች አንዱ ነው፣ የሚያድነውም ሕይወት አለ። የቅደም ተከተሉ ነገር ግን ከንፈር ይቆረጥበት ከነበረው ዘመን ወዲህ ስንት ጊዜ ሚዛኑ እንደተለወጠ ያሳያል፤ ትናንት ነውር፣ ቀጥሎ ገቢ፣ ቀጥሎ ሽያጭ፣ አሁን የጤና ጠንቅ። በዚህ ሁሉ መሀል የዲጋን ባልቴት ስለ ቅጠሉ ምን እንደሚያውቁ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ በዚያ መንደር ጋያ የሚሠራ እጅ እያነሰ ነው፤ ወጣቶቹ የሚያጨሱት ከሱቅ በፍሬ የሚገዙትን ነው።