ስለ ልዩ ልዩ እንጨት ቀለም ማስማማት

በአንድ ቤት ያለው የእንጨት ዕቃ ሁሉ ከአንድ ዛፍ የወጣ አይደለም። አትሮንሱ ከዋንዛ፥ የመጻሕፍቱ ሣጥን ከዝግባ፥ መዝጊያው ከጥድ፥ አግዳሚው ወንበር ከባሕር ዛፍ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህም አንዱ በተሰበረ ጊዜ አናጢው በእጁ ባገኘው እንጨት ይጠግነዋል፤ ጥገናውም በአሮጌ ልብስ ላይ እንደ ተጣፈ አዲስ እራፊ ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ሲደርስና ያረጀው ይታደስ ሲባል፥ የሁሉም መልክ አንድ ይሁን የሚል አሳብ ይነሣል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳያውቁ ቢሠሩት አባቶች የተዉልንን ዕቃ መልሶ እንዳይድን አድርጎ ያበላሻል። የቀደሙት ሰዎች ይህን ሥራ እንዴት እንደ ሠሩት መመርመር የሚጠቅመን ስለዚህ ነው።

ከቅዱስ መጽሐፍ እንጀምር። ሰሎሞን በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስን ባሠራ ጊዜ ለግንቡ ልባጥ ዝግባን፥ ለወለሉ ጥድን፥ ለኪሩቤልና ለቅድስተ ቅዱሳኑ መዝጊያ ወይራን መረጠ። በአማርኛው መጽሐፍ ዝግባ የተባለው የሊባኖስ ዛፍ በስም ከሀገራችን ዝግባ ጋር ይገናኛል እንጂ ዛፉ ሌላ ነው። የሊባኖሱ እንጨት ወደ ቀይ ያደላል፤ ወይራ ግን ብጫ ሆኖ ጥቁር መስመር ይሄድበታል። ንጉሡ ይህን ልዩነት በቀለም አላስማማውም፤ ሁሉን በወርቅ ለበጠው እንጂ። ይህ የመሸፈን መንገድ ነው፤ ወርቅ ለሌለው ሰው ግን ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል።

የግብጽ ሰዎች ያን ሌላ መንገድ ፈለጉ። ዞጲ የሚባለው ጥቁር እንጨት በእነርሱ ዘንድ እጅግ የተከበረ ነበረ፤ የሚመጣውም በስተ ደቡብ ካሉት አገሮች ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሠችው ሐትሼፕሱት መርከቦቿን ወደ ጱንት ልካ ያስመጣችው ነገር በዴር ኤል ባሕሪ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ሲታይ፥ ዞጲም ከዚያው መካከል ይገኛል። ዞጲ ለሁሉ የማይዳረስ ስለ ሆነ ግን፥ ተራውን እንጨት ጥቁር ቀብተው ዞጲ እንዲመስል አደረጉት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይህ ሥራ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ማስማማት፥ ሁለተኛው ማታለል ነው።

በኢጣልያ አገር ደግሞ ፍራ ጆቫኒ ዳ ቬሮና የሚባል መነኩሴ ነበረ። በ1457 ዓመተ ምሕረት ተወልዶ በ1525 ዓረፈ (እዚህና ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። እርሱ ትንንሽ ልዩ ልዩ እንጨቶችን እያገጣጠመ በመዘምራን መቀመጫ ላይ ከተማንና ዕቃን በሥዕል መልክ ይሠራ ነበር። ቫዛሪ የሚባለው ጸሐፊ እንደ ተናገረ፥ ይህ መነኩሴ እንጨቱን በተፈላ ቀለምና ወደ ውስጥ በሚሰርግ ዘይት ያቀልመው ነበር። ልብ በሉ፤ ቀለሙ እንደ ቅብ በላይ የተኛ አይደለም፥ ወደ እንጨቱ ሰውነት የገባ ነው። ስለዚህ የእንጨቱ ጅማት ሳይጠፋ ይታያል።

በ17ኛው መቶ ዓመት ፓሪስ ውስጥ የዞጲ ዕቃ እጅግ ተወደደ፤ ዛሬም በፈረንሳይ ቋንቋ የረቀቀ የቤት ዕቃ የሚሠራው አናጢ ኤቤኒስት የሚባለው ከዞጲ ስም የተነሣ ነው። ዞጲን መግዛት ላልቻለው ግን ፒር የሚባለውን የፍሬ ዛፍ እንጨት አጠቆሩለት። ፒርን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጅማቱ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ ነው። ጅማቱ ሰፊ የሆነ እንጨት የቱን ያህል ቢጠቁር ዞጲ አይመስልም። እንግዲህ መልክ ማለት ቀለም ብቻ እንዳይደለ ከዚህ እናውቃለን።

ቀለሙም ቢሆን ሁሉን እንጨት እኩል አይይዘውም። በአንዳንድ እንጨት ውስጥ ለቆዳ ማልፊያ የሚሆን ታኒን የሚሉት ነገር አለ፤ ብረት የተዘፈዘፈበት ሆምጣጤ ሲነካው ይጠቁራል። ታኒን በሌለበት ግን ያው ውሃ እምብዛም አያጠቁርም። አንድ ውሃ በሁለት እንጨት ላይ ሁለት መልክ የሚሰጠው ስለዚህ ነው። በ1856 ዓመተ ምሕረት ዊሊያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በተገኘ ነገር ሐምራዊ ቀለም አወጣ፤ ከዚያም ብዙ ቀለም ተከተለ፥ አናጢዎችም ያሻቸውን መልክ በቀላሉ አገኙ። ነገር ግን ከፊተኞቹ ቀለሞች ብዙዎቹ ፀሐይ ሲነካቸው ይለቁ ስለ ነበረ፥ በአንድ ቀን የተስማማው በጥቂት ዓመት ተለያየ።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ነገሩ ያው ነው። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ብጫ ነው። የጥድ ልቡ ቀይ፥ ዳሩ ግን ነጭ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ሳንቃዎች እንኳ አይመሳሰሉም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የራሱ መልክ አለው። ዋንዛ ደግሞ ሲጠረብ ነጣ ብሎ፥ ብርሃንና ዘመን ሲነካው ይጠቁራል። እንግዲህ የአሮጌውን አትሮንስ እግር በአዲስ ዋንዛ የሚጠግን ሰው ዛሬ ፈጽሞ ቢያስመስለው፥ አዲሱ እያደር ከአሮጌው አልፎ ይጠቁራል። ብልኅ አናጢ ግን ጥቂት ነጣ አድርጎ ይተወዋል፤ የቀረውን ዘመን ይጨምርለታል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ይህ ነው። ነጩን ወደ ጥቁሩ ማስጠጋት ይቻላል፤ ጥቁሩን ማንጣት ግን እንጨቱን መጕዳት ነው። ስለዚህ አዲሱ ወደ አሮጌው ይሂድ እንጂ አሮጌው ወደ አዲሱ አይጐተት። አሮጌውን ዕቃ ፍቆ እንደ አዲስ ማቅለም የብዙ ዘመን እጅና ጢስ የሰጠውን መልክ በአንድ ቀን ማጥፋት ነው፤ ያም በገንዘብ አይመለስም። ቀለሙም አስቀድሞ በዚያው እንጨት ቍራጭ ላይ ይፈተን፤ ከደረቀና ቫርኒሹ ከተቀባ በኋላም ዕቃው በሚቆምበት ቤት ብርሃን ይታይ። በፀሐይ አንድ የመሰለው በሻማ ብርሃን ሁለት ይሆናልና። ቀለምንም በጥቂቱ መደራረብ እንጂ በአንድ ጊዜ ማብዛት አይገባም፤ ለመጨመር ሁልጊዜ ጊዜ አለ፥ ለመቀነስ ግን የለም።

ደግሞም ዋንዛ ያልሆነውን ዋንዛ ነው ብሎ መሸጥ ኀጢአት ነው፤ ባሕር ዛፍን ከዋንዛ አጠገብ እንዲያምር አድርጎ ማቆም ግን ጥበብ ነው። የሁለቱን ልዩነት ሠሪው ያውቀዋል፥ ለገዢውም ሊነግረው ይገባዋል። ስለዚህ ያረጀውን ዕቃ ለማደስ ያሰበ ሁሉ፥ ቀለሙን ከመግዛቱ በፊት እንጨቱ ምን እንደ ሆነ ይጠይቅ።