ሁለተኛው የጨዋታ መሪ፤ የቦስተን ቡድን የ2008 ውሳኔና ትምህርቱ

በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ከሚሰለፉት አምስት ተጫዋቾች መካከል የቡድኑን አካሄድ የሚወስነው፣ ኳሱን ከራሱ ክልል ተረክቦ ወደ ተቃራኒው ክልል የሚያሻግረውና ለማን፣ መቼ፣ በምን ፍጥነት እንደሚደርስ የሚያዘው ሰው ነው። በውጭ አጠራሩ ፖይንት ጋርድ ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የጨዋታ መሪ ተብሎ ተጠርቷል። ይህ ሰው በደከመ፣ በተጎዳ ወይም በተረበሸ ጊዜ ቦታውን ማን ይያዝ? ዕድሜው የገፋ ነገር ግን ብዙ ያየ ተጫዋች በተጠባባቂነት ማስፈረም ይገባል ወይስ ወጣቱን ብቻውን መተው? ጥያቄው ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የዋንጫ ዕጣ ፈንታ የተንጠለጠለበት ጊዜ አለ። ከዚህም ሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የሚታየው የቦስተን ሴልቲክስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ያደረገው ውሳኔ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጨዋታ መሪነት ሥራ ለምን ይህን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ጄምስ ኔይስሚዝ በ1891 በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጨዋታውን ሲፈጥር ኳስ የያዘ ቡድን በስንት ጊዜ ውስጥ መወርወር እንዳለበት የሚደነግግ ሕግ አልነበረም። ስለዚህም በኋላ ዘመን፣ የመራ ቡድን ኳሱን እየተቀባበለ ሰዓት መግደል ልማድ አደረገ፤ ተመልካችም ተሰላቸ። በ1954 የሲራኪዩስ ቡድን ባለቤት የነበረው ዳኒ ቢያሶን መፍትሔውን በቀላል ስሌት አገኘው። የአንድ ጨዋታ ርዝመት 48 ደቂቃ፣ ማለትም 2,880 ሴኮንድ ነው። በጥሩ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች በጠቅላላው 120 ጊዜ ያህል ይወረውራሉ። 2,880 ለ120 ሲካፈል 24 ይደርሳል። የ24 ሴኮንዱ ሰዓት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ከ2001 ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ የሙያ ሊግ ኳሱን ከመሐል መስመር ለማሻገር የሚፈቀደው 8 ሴኮንድ ብቻ ሆነ። በዚህም መሠረት ስምንቱን ሴኮንድ ለማሻገር ብቻ ያጠፋ የጨዋታ መሪ ለአሳብና ለፍጻሜ የሚቀረው 16 ሴኮንድ ነው። እንዲህ ያለውን ውሳኔ በአንድ ምሽት ከዘጠና ጊዜ በላይ መወሰን የጉልበት ሥራ ብቻ ሳይሆን የአእምሮም ሥራ ነው።

የቦስተን ቡድን ለተጠባባቂ ተጫዋች ክብር በመስጠት የቆየ ታሪክ አለው። አሠልጣኙ ሬድ አወርባክ ከምርጦቹ አንዱን ሆን ብሎ ከወንበር ላይ የማስነሣትን ዘዴ በፍራንክ ራምዚና በጆን ሃቭሊቼክ አማካይነት አስለመደ። በጨዋታ መሪነት ስሙ የገነነው ቦብ ኩዚ በነበረበት ዘመን ኬ. ሲ. ጆንስ በ1958 ቡድኑን ተቀላቅሎ ከኩዚ ኋላ ዓመታት ጠበቀ፤ ኩዚ በ1963 ሲሰናበትም ቦታውን ተረከበ፤ ቡድኑም በተከታዮቹ ሦስት ዓመታት ዋንጫውን አላጣም። በ1986 ደግሞ በጉዳት ብዙ ዓመታት ያጣው ቢል ዋልተን በቦስተን በተጠባባቂነት ተሰልፎ የዓመቱ ምርጥ ተጠባባቂ ተብሏል፤ ቡድኑም የዚያን ዓመት ዋንጫ ወስዷል። በጆንስ ታሪክ ወጣቱ ከአንጋፋው ኋላ ሆኖ ተማረ። በ2008 የተነሣው ጥያቄ የዚህ ግልባጭ ነበር፤ ይኸውም አንጋፋው ከወጣቱ ኋላ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል ወይ የሚል ነው።

ቦስተን በ2006–07 የውድድር ዘመን 24 ጨዋታ አሸንፎ 58 ተሸንፎ ነበር። በ1986 ካገኘው ዋንጫ በኋላም ሌላ አላየም። በ2007 በጋ የቡድኑ ኃላፊ ዳኒ ኤንጅ በመጀመሪያ ሬይ አለንን ከሲያትል፣ ቀጥሎም ኬቪን ጋርኔትን ከሚኒሶታ በልውውጥ አመጣ። እነዚህ ሁለቱ ከነባሩ ከፖል ፒርስ ጋር ተጣመሩ። ሦስቱም ሠላሳ ዓመት የደረሱ ወይም ያለፉ፣ ሦስቱም ዋንጫ ያላገኙ ነበሩ። ጊዜያቸው አጭር እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ለእነርሱ ኳስ የማቀበሉ አደራ የተሰጠው ግን ገና በሁለተኛ የሙያ ዓመቱ ላይ ለነበረው ለራጆን ሮንዶ ነበር። ሮንዶ በፌብሩዋሪ 2008 ዕድሜው 22 ሞላ። እግረ ፈጣን፣ እጀ ረጅም፣ በመከላከል የተዋጣለት ነበር፤ ከሩቅ መወርወር ግን አይሆንለትም ነበር። ተቃራኒ ቡድኖችም ይህን ዐውቀው ከእርሱ እየራቁ ሌሎቹን ያጨናንቁ ጀመር።

ነገሩ በስሌት ሲታይ እንዲህ ነው። ሮንዶ በዚያ ዓመት በአንድ ጨዋታ በአማካይ 30 ደቂቃ ያህል ይጫወት ነበር። ከ48 ደቂቃ ላይ ሲቀነስ 18 ደቂቃ ይቀራል። ይህን ክፍተት በአብዛኛው የሸፈነው ኤዲ ሃውስ ነበር። ሃውስ ከሩቅ ወርዋሪነቱ የተመሰከረለት ቢሆንም ጠንካራ ተከላካይ ሲገጥመው ኳሱን ተሸክሞ የማሻገር ችሎታው ያጠራጥር ነበር። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» እንደሚባለው፣ ሮንዶ አንድ ምሽት ቁርጭምጭሚቱ ቢዞር የሦስቱ ታላላቅ ተጫዋቾች ድካም ሁሉ ከንቱ የሚሆንበት አደጋ ነበረ።

በዚህ ጊዜ ሳም ካሴል ተገኘ። ካሴል የሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ቡድን አባል የነበረ ሲሆን ከቡድኑ ጋር በስምምነት ውሉን አፍርሶ ተለቀቀ። በሊጉ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ለሌላ ቡድን በጥሎ ማለፉ ውድድር ለመሰለፍ ከማርች 1 በፊት መለቀቅ ነበረበት። ስለሆነም ለማሰብ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነበር። ካሴል ያን ጊዜ 38 ዓመቱ ነበር።

ማስፈረሙን መቃወም ለሚሻ ሰው ጠንካራ ምክንያቶች ነበሩ። አንደኛ፣ ካሴል በዚህ ዕድሜው ፈጣን ወጣቶችን ተከትሎ መከላከል አይችልም፤ የቦስተን ዋና ኃይል ደግሞ መከላከል ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ቡድን ሊይዝ የሚችለው ተጫዋች ከ15 ስለማይበልጥ አንጋፋው የሚይዘው ቦታ ለሌላ የሚነፈግ ቦታ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው፣ የወጣቱ ልብ ነው። የዓመቱን ሦስት አራተኛ ያህል ቡድኑን በድል የመራ የ22 ዓመት ወጣት፣ በመጨረሻው ሰዓት ስመ ጥር አንጋፋ ከጎኑ ሲቀመጥበት «አላመኑኝም» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እምነት ያጣ የጨዋታ መሪ ደግሞ ኳሱን ይፈራል።

በደጋፊዎቹ በኩል ያለው ክርክር በካሴል የሕይወት ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነበር። ካሴል በ1993 ሂዩስተንን ሲቀላቀል እርሱ ራሱ የኬኒ ስሚዝ ተጠባባቂ ነበር። በ1994 የፍጻሜ ውድድር ከኒው ዮርክ ጋር በተደረገው ሦስተኛ ጨዋታ፣ ገና ጀማሪ ሳለ፣ በመጨረሻው ደቂቃ የሦስት ነጥብ ውርወራ አግብቶ ቡድኑን ወደ መሪነት ያሸጋገረ ሰው ነው። በ1994ና በ1995 ዋንጫ አግኝቷል። ከዚህም በላይ የቦስተን ሁለቱ አዳዲስ ተጫዋቾች በቅርብ ያውቁት ነበር። ከሬይ አለን ጋር በሚልዋኪ ሆኖ በ2001 እስከ ምሥራቅ ምድብ ፍጻሜ ደርሶ በሰባተኛው ጨዋታ ነበር የተሸነፈው። ከጋርኔት ጋር ደግሞ በ2004 በሚኒሶታ እስከ ምዕራብ ምድብ ፍጻሜ ተጉዘዋል። በዚያ ወሳኝ ውድድር ካሴል በጉዳት ምክንያት እንደሚገባው ሊሰለፍ ባለመቻሉ ሚኒሶታ በሎስ አንጀለስ ሌከርስ 4 ለ2 ተሸነፈ። የጨዋታ መሪ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ጋርኔት ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ቦስተን በማርች 2008 መጀመሪያ ካሴልን አስፈረመ። ዘመኑንም በ66 ድልና በ16 ሽንፈት ፈጸመ፤ ይህ ከቀደመው ዓመት በ42 ድል የበለጠ ነበር። የጥሎ ማለፉ ውድድር ግን እንደታሰበው ቀላል አልሆነም። አትላንታንም ክሊቭላንድንም ለማሸነፍ ሰባት ሰባት ጨዋታ አስፈለገ። ከክሊቭላንድ ጋር በተደረገውና ቦስተን 76 ለ72 ባሸነፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ ካሴል ከወንበር ተነሥቶ ያስገባቸው ነጥቦች ጠቃሚ ነበሩ። ውድድሩ እየገፋ ሲሄድ ግን የካሴል ውርወራ ተዳከመ፤ አሠልጣኙ ዶክ ሪቨርስም ቀስ በቀስ ወደ ኤዲ ሃውስ ዞረ።

በፍጻሜው ከሌከርስ ጋር በተደረገው ሦስተኛ ጨዋታ የተፈራው ደረሰ፤ ሮንዶ ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ። በአራተኛው ጨዋታ ቦስተን በ24 ነጥብ ተመርቶ ነበር። ከዚያ ጉድጓድ ወጥቶ 97 ለ91 ያሸነፈው ሃውስን በሜዳ ላይ ይዞ ነው፤ ቡድኑን ወደ መሪነት ያሸጋገረችውን ውርወራ ያገባውም ሃውስ ነበር። በስድስተኛው ጨዋታ፣ ጁን 17 ቀን 2008፣ ሮንዶ ተመልሶ 21 ነጥብ አስመዘገበ፤ 8 ጊዜ ለግብ አቀበለ፤ 6 ኳስ ነጠቀ። ውጤቱም 131 ለ92 ሆነ። ከ22 ዓመት በኋላ ዋንጫው ወደ ቦስተን ተመለሰ።

እንግዲህ ካሴልን ማስፈረሙ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? ዋንጫው ተገኝቷልና ትክክል ነበር ብሎ መደምደም ችኮላ ነው፤ ወሳኙን ጨዋታ ያዳነው እርሱ አልነበረምና። እንዲሁም አልተፈለገምና ስሕተት ነበር ማለት ሌላ ችኮላ ነው። በአንድ የውኃ ማመንጫ ጣቢያ የተተከለ መጠባበቂያ ፓምፕ ዓመቱን ሙሉ ሳይሠራ ቢከርም በከንቱ ተገዛ አይባልም። ዋጋው የሚለካው በሠራበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ዋናው ፓምፕ ያለ ሥጋት እንዲሠራ ባስቻለበት ሰዓት ሁሉ ነው። ውሳኔ መመዘን ያለበት በተወሰነበት ዕለት በታወቀው ነገር እንጂ በኋላ በተገኘው ውጤት አይደለም። በማርች 2008 የታወቀው ነገር አንድ ወጣት፣ አንድ ወርዋሪ ተጠባባቂና የማይደገም ዕድል መኖሩ ነበር። በዚህ ሚዛን ውሳኔው ትክክል ነበር። የተፈራው የወጣቱ ልብ መሰበርም አልደረሰም፤ ሪቨርስ የመሪነቱን ቦታ ከሮንዶ ላይ አላነሣምና። አንጋፋው የመጣው ሊተካው ሳይሆን ሊያሳርፈው እንደሆነ ከቃል ይልቅ በአሰላለፍ ታየ።

ያው ቡድን በተከታዩ ዓመት ተመሳሳይ ውሳኔ ወሰነ። በፌብሩዋሪ 2009 ከኒው ዮርክ የተለቀቀውን ስቴፈን ማርበሪን አስፈረመ። ማርበሪ ያን ጊዜ 32 ዓመቱ ነበር፤ በዕድሜ ከካሴል ያንሳል፤ በወጣትነቱ የነበረው ዝናም ከፍ ያለ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ወር ጋርኔት ጉልበቱ ላይ ተጎድቶ ነበር፤ ለጥሎ ማለፉም አልደረሰም። ቦስተን ቺካጎን በሰባት ጨዋታ አሸንፎ በኦርላንዶ በሰባተኛው ጨዋታ ተሰናበተ። የጎደለው ከቅርጫቱ ሥር የሚቆም ሰው ነበር፤ የተገዛው ግን ኳስ የሚያሻግር ሰው ነው። በአንድ ድልድይ ላይ የተሰነጠቀው ምሰሶ ሆኖ ሳለ የእጅ መደገፊያውን ማጠንከር ድልድዩን አያድነውም።

ከሁለቱ ታሪኮች ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ። በመጀመሪያ፣ መጠየቅ ያለበት «ሰውዬው ስንት ዓመቱ ነው?» ሳይሆን «ባዶ የሆነው ሥራ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ቀጥሎም፣ አንጋፋው የሚመጣበት ውል በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሥልጣንም ረገድ ግልጽ መሆን አለበት፤ ማን ይመራል፣ ማን ይጠብቃል የሚለው ከመጀመሪያው ካልታወቀ ሁለት መሪ ያለው ቡድን መሪ የለውም። በመጨረሻም፣ የአንጋፋ ተጫዋች ጥቅም ግማሹ ከሜዳ ውጭ የሚገኝ ነው። ካሴል በ2008–09 አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ በቦስተን ቡድን ተመዝግቦ ቆየ፤ በ2009 ከተጫዋችነት ወደ ምክትል አሠልጣኝነት ተሸጋገረ፤ በ2023ም በዚሁ ሙያ ወደ ቦስተን ተመልሶ በ2024 ዋንጫ ካገኘው ቡድን ጋር ነበር። በ38 ዓመቱ የተቀጠረው ሰው ያን ጊዜውንም የመምህርነት ሥራ ጀምሮ ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ወጣቱስ? ራጆን ሮንዶ በ2020 በሎስ አንጀለስ ሌከርስ ቡድን ውስጥ የ34 ዓመት ተጠባባቂ የጨዋታ መሪ ነበር። ዕድሜው ገፍቷል፣ ውርወራው አያስተማምንም፣ ቦታው ለሌላ ይሻላል የሚሉት ክርክሮች በእርሱም ላይ ተነሥተው ነበር። ኦክቶበር 11 ቀን 2020 ከማያሚ ጋር በተደረገው ስድስተኛና የመጨረሻ የፍጻሜ ጨዋታ ከወንበር ተነሥቶ 19 ነጥብ አስቆጠረ፤ ሌከርስም 106 ለ93 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ስለ አንጋፋ ተጠባባቂ ውሳኔ የሚሰጡ ኃላፊዎች ይህንንም ከሒሳባቸው ሊያስገቡት ይገባል፤ ዛሬ አንጋፋ አጠገቡ የሚቀመጥለት ወጣት ነገ ራሱ በዚያ ወንበር ላይ ተቀማጭ ነው፤ እንዴት መጠበቅ እንደሚገባም የሚማረው ከፊቱ ሲጠብቅ ካየው ሰው ነው።