ተከፈተ እንጂ አልተፈታም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ብሎ ፍላሹን የሚያቀብል ደንበኛ ችግሩን በሦስት ቃል ይጨርሰዋል፤ «ፋይሉ አልከፈት አለኝ»። ልብ ብሎ ላደመጠው የሚናገረው ፋይሉ ነው። «አልከፈት» በአንደኛ መደብ የተነገረ እምቢታ ነው፤ «አለ» ያንን እምቢታ ለፋይሉ ያስረክበዋል። እርጥብ እንጨት አልነድ ይላል፤ ያረጀ መኪና አልነሣ ይላል፤ የዛገ ቁልፍ አልዞር ይላል። አማርኛ ግዑዙን አፍ አውጥቶ እንቢ ሲያሰኘው ጥፋቱ ከባለቤቱ ትከሻ ይወርዳል። ለደንበኛ ክብር የሚበጅ ሰዋስው ነው።

ፋይል ራሱ ባዕድ ቃል ቢሆንም ሥሩ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። የላቲኑ «ፊሉም» ክር ማለት ነው፤ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባ። የጥንት ጸሐፊዎች ወረቀታቸውን በክር ወይም በሽቦ እየሰኩ ያንጠለጥሉ ነበርና የክሩ ስም ለወረቀቱ ተረፈ። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በመርጡለ ማርያም ያለው የብራና መጽሐፍ የቆመው በክር ነው፤ «ጠረዘ» ካለው ግስ ደግሞ ጥራዝ ወጣ። ጥራዝ ነጠቁም የዚያው ቤት ልጅ ነው። በፍርድ ቤት የምንሰማው ዶሴ የመጣው ከፈረንሳይኛ ሲሆን ሥሩ «ዶ»፣ ጀርባ ነው፤ ስሙ ከጀርባው የተጻፈበት የወረቀት እስር። ሰነድ ከዐረብኛው «ሰነድ» መጣ፤ መደገፊያ፣ የሚደገፉበት ነገር ማለት ነው።

ከሁሉም ባለጸጋው መዝገብ ነው። ግእዙ «ዘገበ» ማከማቸት፣ ማድለብ ነው፤ በግእዙ ወንጌል መዝገብ ሀብት የሚከማችበት ነው እንጂ የስም ዝርዝር አይደለም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራ በ1948 ዓ.ም. በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት ሲታተም በርእሱ ላይ የሰፈረው «መዝገበ ቃላት» እንግዲህ የቃላት ግምጃ ቤት ነው። ዘጋቢና ዘገባም ከዚሁ ግስ ወጡ፤ ዛሬ ዘጋቢ ሀብት ያከማቻል ብሎ የሚጠረጥር ባይኖርም።

ወደ ብልሽቱ እንመለስ። «ፋይሉ ተበላሸ» ስንል «ብላሽ» ከሚለው ጋር ዘመድ የሆነ ቃል እያነሣን ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ብላሽን ከዐረብኛው «በላሽ» መለየት ይከብዳል፤ ያም «ያለ ምንም ነገር» ከሚል ሐረግ ያጠረ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚገርመኝ «ቫይረስ በላው» መባሉ ነው። ቫይረስ በላቲን መርዝ ነው፤ መርዝ ይገድላል እንጂ አይበላም። አማርኛ ግን ለጽሑፍ ጠላት ከጥንት ጀምሮ አንድ ግስ ነበረው፦ ብራናውን ብል በላው፣ አይጥ በላው። አዲሱ ጠላት በዚያው ግስ ገባ። ነገሩን ስንመረምረው ግን ፍላሽ ላይ ያለውን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ አልበላም፤ ፋይሎቹን ሸሽጎ በቦታቸው አቋራጭ አስቀመጠ። የተሸሸጉትን አሳይ ተብሎ የታዘዘ ኮምፒውተር ያወጣቸዋል።

ከስሙ መጨረሻ ነጥብ አስቀድሞ የሚመጣው ጭራ ቅጥያ ነው፤ ከ«ቀጠለ» የወጣ ሲሆን «ለ» ወደ «የ» ተለውጣለች፤ በ«ቀጣይ» እንደምናየው። ቅጥያውን ከዶክኤክስ ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይር ሰው ፋይሉን የለወጠ ይመስለዋል። መንቆረር ደብረ ማርቆስ ስትባል ኮረብታው አልተነቃነቀም። በአንጻሩ ዶክኤክስ በውስጡ የዚፕ ጥቅል ስለሆነ፣ ወርድ አልከፍትም ሲል ቅጥያውን ዚፕ ብሎ ቢፈቱት ጽሑፉ አንዳንድ ጊዜ ከነነፍሱ ይገኛል።

«ቢፈቱት» አልኩ፤ ቃሉ እዚህ ላይ ነው። ግእዙ «ፈትሐ» አማርኛ ሲሆን «ሐ» ወድቃ «ፈታ» ሆነ። ያሰረውን ፈታ፣ ሚስቱን ፈታ፣ ሕልም ፈታ፣ ቅኔ ፈታ። ዳኛው የሚሰጠው ፍትሕ፣ ካህኑ ለሙት የሚያደርሰው ፍታት፣ ከግእዝ እንዳለ የተወሰደው መፍትሔም ከዚሁ ናቸው። በትግርኛ መፍትሕ ዛሬም የበር ቁልፍ ነው፤ በዐረብኛም «ሚፍታሕ» እንዲሁ። ዲስኩ ራሱ የሞተ ፋይል እንግዲህ ፍታት እንጂ መፍትሔ የለውም።

በዋሸራ ወይም በጎንጅ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው መክፈትና መፍታት አንድ እንዳልሆኑ አይነገረውም። የቅኔውን ቃል አንድ በአንድ ያውቀዋል፤ ሰሙ ታይቶታል፤ ወርቁ ግን ገና ነው። ጽሕፈት ቤቱም ይህን ልዩነት ቢጠቀምበት ይጠቅመዋል፤ «አልከፈት አለ» ከሚባሉት መካከል በእርግጥ የተከፈቱ ነገር ግን ያልተፈቱ አሉና። ከዩኒኮድ በፊት በፓወር ግእዝ፣ በቪዥዋል ግእዝ፣ በብራና ወይም በአጋፋሪ የተጻፈ ደብዳቤ ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት መዓት ይሆናል። (አጋፋሪ በቤተ መንግሥት እንግዳ አስገቢው ሹም ነበር፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ግን የሚያስገባ የለም።) ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ሲኖረው 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ አይበቃም። እያንዳንዱ ሠሪ በየራሱ ዘዴ በላቲኑ ቦታ ላይ አሰፈራቸው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሲሰጥ «ሀ» 4608 ቁጥርን ያዘች፤ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። የቀድሞው ደብዳቤ ግን ባለበት ቀረ።

እንዲህ ያለውን ፋይል ለመፍታት መጀመሪያ የተዝረከረከውን መስመር መርጦ ወርድ ላይ የፎንት ስም የሚታይበትን ሳጥን ማየት ነው። ፎንቱ በማሽኑ ላይ ባይኖርም ስሙ እዚያ ተጽፎ ይቆያል። ያንን ፎንት አግኝቶ መጫን ጽሑፉን ያስነብባል፤ በፍለጋ እንዲገኝ ግን ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት፤ ለዚህም የተሠሩ መቀየሪያዎች አሉ። ጽሑፉ ተቀድቶ በተራ ጽሑፍ ከተላከ ግን የፎንቱ ስም መንገድ ላይ ወድቆ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የቀድሞዎቹን ፎንቶች አንድ በአንድ መሞከር ነው።