ገበና ሰሚዎች

«ጥሩ ካውንስለር ታውቂያለሽ?» የሚል ስልክ ይደወልልኛል። ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ ለራሴ ነው አይልም፤ «አንድ ዘመዴ ተቸግራ ነው» ይላል። ነርስ ነኝ፤ ብዙውን የሥራ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በምክር አገልግሎት ክፍል ውስጥ ነው። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። በአነጋገራቸው ውስጥ ያለ አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያሳስበኛል፤ ገበናን ለባለሙያ መንገር የፈረንጅ ነገር፣ ትናንት የመጣ፣ ለእኛ የማይሆን ይመስላቸዋል። ታሪኩን ቢያውቁት እንዲህ ባልፈሩ ነበር። በዚህ አገር ሰው ጭንቀቱን የሚያዋየው አጥቶ አያውቅም። በየዘመኑ የተለያየው ሰሚው ማን እንደሆነና የሰማውን ምን እንደሚያደርገው ነው።

በክርስቲያኑ ቤት ቀዳሚው ሰሚ የንስሐ አባት ናቸው። ቤተሰቡ የኔ የሚላቸው ካህን ነበሩት፤ ቤቱን ጸበል የሚረጩ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ገብተው የሚያስታርቁ፣ ሰው ሲያጣጥር ኑዛዜ የሚቀበሉ። የሚሞተው ሰው ንብረቱን ለማን እንደሚተው በፊታቸው ስለሚናገር፣ በኋላ በወራሾች መካከል ክርክር ቢነሣ ቃላቸው ትልቅ ቦታ ነበረው። የተነገራቸውን ኃጢአት ማውጣት ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከባድ ጥፋት ነው። የምስጢር ጠባቂነት ግዴታ ከነጩ ጋውን በፊት በጥቁሩ ካባ ሥር ነበረ።

ባደግሁበት በጉለሌ ቤታችን ንስሐ አባታችን ሲመጡ እኛ ልጆች ደጅ እንድንወጣ ይደረግ ነበር። አባታችንና እናታችን ተራ በተራ ጓዳ ይገቡና ከሳቸው ጋር ይቆያሉ። እናታችን ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ግን ፈታ ብሎ አያት ነበር። የተሰጣትን ቀኖና ስግደትም ይሁን ምጽዋት ሳታጓድል ትፈጽማለች። በሙያው ከሠለጠንኩ በኋላ ይህን ሳስበው የአባቶች ጥበብ ይገርመኛል። በጸጸት የተያዘን ሰው «ተወው፣ እርሳው» ማለት አይረዳውም። በእጁና በጉልበቱ የሚሠራው፣ ጀምሮ የሚጨርሰው ነገር ሲሰጡት ግን ሸክሙ መጠን ያገኛል።

ጉድለትም ነበረበት፤ ይህንም መናገር ይገባኛል። ባልና ሚስት የሚናዘዙት ለአንድ ካህን ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት የምታዋያቸው አባት የባሏም አባት ናቸው፤ ትዳሩ እንዳይፈርስ ደግሞ ኃላፊነት አለባቸው። ብዙ ሴት «ቻይው ልጄ» ተብላ ተመልሳለች። ብዙዎቹም ቻሉ፤ መቻላቸው ምን እንዳስከፈላቸው ግን በኋላ እኔ ክፍል ገብተው ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

በወሎ ሙስሊሙ ደግሞ ወዳጃ የሚባል የዱዓ ጉባኤ ይቀመጥ ነበር። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፤ ልጇ የታመመባት፣ ከብቱ ያለቀበት፣ ከጎረቤቱ የተጣላ ጉዳዩን ያቀርብና ጉባኤው በሙሉ ዱዓ ያደርግለታል። ለቅሶ ቤቱም ከዚሁ ወገን ነው። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ጎረቤቱና ዕድርተኛው ድንኳን ጥሎ፣ እህል ውኃ አቅርቦ አብሮት ይሰነብታል።

በሰው ላይ ያድራል ስለሚባለው መንፈስ፣ ስለ ዛር፣ መጻፍ ለአንድ ኦርቶዶክስ ሴት ቀላል አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን አጥብቃ ታወግዘዋለች፣ እኔም አላምንበትም። ከታሪኩ መዝለል ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1932 ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጂቡቲ አፍሪካን ካቋረጠው የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር መጥቶ ወራት ሰንብቷል። መልካም አየሁ በተባለች ባለዛር ቤት እየዋለ ያየውን ቀን በቀን መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ሳይመን መሲንግ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት የዛሩን ጉባኤ እንደ ቡድን ሕክምና አድርጎ የሚያየውን ጽሑፉን አሳተመ። ወደዚያ የሚሄዱት በብዛት ሴቶች፣ በተለይ በትዳራቸው የተጨነቁት እንደነበሩ አስተውሏል። በዛሩ ቤት ሴትዮዋ «ባሌ ልብስ አይገዛልኝም» አትልም፤ ዛሩ በአፏ ፎክሮ ልብስና ሽቶ ይጠይቃል፣ ባልየውም ይገዛል። በሌላ ቦታ አፍ አውጥታ ብትጠይቅ የምትነወርበትን በዚያ ታገኛለች። ዋጋው ግን ትንሽ አልነበረም። አንዴ የዛሩ ፈረስ፣ ማለትም ማደሪያው፣ ከሆነች ነጻ አትወጣም፤ ግብሯን እያቀረበች ትኖራለች። አማካሪ ሰውን ለዘላለም ከራሱ ጋር ካሰረው ሕክምና አይባልም የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ዘመናዊው ሕክምና የመጣው በሌላ በር ነው። መርካቶ አጠገብ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የቆመ ሲሆን፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ነበር። ሕመምተኛ ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት በገመድ ታስሮ በአውቶቡስ ይመጣ ነበር። በአዲስ አበባ ልጆች አፍ «አማኑኤል» የስድብ ቃል የሆነው በሆስፒታሉ ጥፋት አይደለም፤ ለመላው አገር አንድ ቤት ብቻ ስለነበረና እዚያ የሚደርሰው ሕመሙ የጠናበት ሰው ስለነበረ ነው። እንቅልፍ ያጣች የቤት እመቤት፣ ልጁን ቀብሮ ሥራ ያስጠላው መምህር እዚያ ደጅ አይሄዱም።

ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የአእምሮ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ዶ/ር ፍቅሬ ወርቅነህ፣ በአዲስ አበባ ከሠሩት ሆላንዳዊው ሐኪም ሮበርት ጊል ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተሙትን ጥናት ሁልጊዜ በአክብሮት አነሣዋለሁ። ያጠኑት የአንድ ቄስንና የአንድ ሼህን የፈውስ ሥራ ነው። ሐኪም ሆነው ሕዝቡ ወደሚሄድበት ሄዱ፤ ሕዝቡ ወደ እነሱ እስኪመጣ አልጠበቁም። ይህ ትሕትና በሙያችን ታሪክ ውስጥ ከተሠሩት ትልልቅ ነገሮች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1970ዎቹ መገባደጃ በአማኑኤል ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ተጀመረ። ተመራቂዎቹ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመደቡ፤ ለረጅም ጊዜ ከአዲስ አበባ ውጭ የአእምሮ ሕክምናን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቡታጅራና አካባቢዋ ቤት ለቤት በተደረገ ታላቅ ጥናት ከ68,000 በላይ ሰው ተጠይቆ፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የሕክምና ደጅ ረግጠው እንደማያውቁ ታየ። ሳይካትሪስቶቹ በመላው አገር ከአሥር ብዙም አይዘልሉም ነበር። በጥር 1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ጀመረ፤ የካናዳ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ያስተምሩ ነበር። ይህ ሁሉ ሥራ ግን ለጸናው ሕመም ነው። ተራው ሰው ተራ ጭንቀቱን ይዞ የሚገባበት ክፍል ገና አልነበረም።

ያንን ክፍል የከፈተልን ኤችአይቪ ነው። ሲናገሩት ይከብዳል፤ ግን እውነት ነው።

በፈቃደኝነት የሚሰጠው የኤችአይቪ ምክርና ምርመራ፣ ቪሲቲ፣ በየጤና ጣቢያው በተከፈተበት ጊዜ ሠልጥኜ የገባሁበት ክፍል ጠባብ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጥቅል ሶፍት፣ ግድግዳው ላይ የቀይ ሪባን ፖስተር። ጠረጴዛው ከደንበኛው ጋር እንዳያራርቀን ወደ ግድግዳው ገፍተን ወንበሮቹን ሰያፍ እናስቀምጥ ነበር። ስም አንጠይቅም፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ኮድ ቁጥር ብቻ ነው። በሕይወቱ ሙሉ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩ የት እንደሆነ ሳይጠየቅ ከሰው ጋር ተቀምጦ የማያውቅ ሰው፣ ቁጥር ሆኖ ሲቀመጥ መጀመሪያ ግር ይለዋል። ከዚያ ደግሞ ይናገራል። ዘመድ ያልሆነ፣ የማይፈርድ፣ ነገ ገበያ ላይ ቢያገኘው ሰላም ሳይለው የሚያልፍ ሰው ፊቱ ተቀምጧል።

ከምርመራው በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ ነበር፤ «ውጤቱ ቫይረሱ በደምዎ ውስጥ አለ ቢል፣ መጀመሪያ የሚነግሩት ለማን ነው?» ጣት ተወግቶ ደሙ ጠብ ካለ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል እንጠብቃለን። አንድ መስመር ወይም ሁለት መስመር። በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ የሰማሁት በዩኒቨርሲቲ አይማሩትም። ሰው ስለ ቫይረሱ ብቻ አያወራም፤ ስለ እንጀራ እናቱ፣ ስለ ሞተ ወንድሙ፣ ስላልተከፈለ ብድር፣ ከአረብ አገር ልጅ ይዛ ስለተመለሰች እህቱ ያወራል። አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ያንን ጥያቄ ስጠይቃቸው ብዙ አሰቡና «ለንስሐ አባቴ» አሉኝ። ይህን መልስ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ በማሠልጠኛው መጽሐፍ ውስጥ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ «የንስሐ አባት አለዎት ወይ? ሼህዎስ?» እያልኩ እኔው መጠየቅ ጀመርኩ።

ነጻ የሆኑትን ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው እንዲመረመሩ እንነግራቸዋለን። ሦስት ወሩ ሳይሞላ የሚመለሱ ነበሩ። ምርመራ እንደማያስፈልጋቸው ያውቃሉ፤ የመጡት ለወንበሩ ነው።

በዚያው ሰሞን ወገን የተባለው ነጻ የኤችአይቪ ምክር የስልክ መስመር፣ 952፣ ሥራ ጀመረ። ከክፍለ ሀገር አንድ ልጅ ከሕዝብ ስልክ ደውሎ ስሙን ሳይናገር ከሠለጠነ አማካሪ ጋር ማውራት ቻለ። ከ1997 ዓ.ም. ጥር ጀምሮ የኤችአይቪ መድኃኒቱ በነጻ ሲሰጥ ሌላ ፈተና መጣ፤ ጸበል የገቡ ሕሙማን መድኃኒቱን ይተዉ ጀመር። ብዙ ደንበኞቻችንን በዚህ አጥተናል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ሲናገሩ እኛ በየክፍላችን ተደሰትን። አንድ የአባት ቃል እኛ በየቀኑ ብንናገረው የማይሰማውን ሰው አሰማልን። ያ ቃል ለአእምሮ ሕመምም ይሠራል ብዬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ ጸበል ቦታ ያለ ሕመምተኛ ኪኒኑን ማቆም የለበትም።

ለኤችአይቪ ምክር የሠለጠነው ሰው በኋላ ተበታተነ። የምክር ሥነ ልቦና ተምሮ ማስተርሱን የያዘ አለ፣ ወደ ትምህርት ቤት የገባ አለ፣ የግል ቢሮ የከፈተ አለ። ዛሬ በአዲስ አበባ «የሥነ ልቦና አማካሪ» የሚል ታፔላ ብርቅ አይደለም። የማዝንበት ነገር ግን አለ። ባጭር ሥልጠና፣ አንዳንዴም ያለምንም ሥልጠና፣ በማይክሮፎን ፊት የሰው ትዳር የሚፈቱና የሚቋጥሩ በዝተዋል። ጉለሌ ጓዳ ገብታ የተናዘዘችው እናቴ ምስጢሯ እንደሚጠበቅ ታውቅ ነበር። ቪሲቲ ክፍል የገቡት አዛውንትም ያውቁ ነበር። ምስጢር የማይጠብቅ ሰው ምንም ያህል አንደበቱ ቢጣፍጥ አማካሪ አይደለም።

ለሚደውሉልኝ የምላቸው ይኸው ነው። መጀመሪያ የሠፈራችሁን ጤና ጣቢያ ጠይቁ፤ የአእምሮ ጤና ክፍል ካለው ግቡ፣ ከሌለው ወዴት እንደሚልክ ይነግራችኋል። የግል አማካሪ ከመረጣችሁ ምን እንደተማረ፣ የት እንደሠራ፣ የነገራችሁትን ለማን እንደሚናገር በቀጥታ ጠይቁት፤ በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ከሆነ ተነሥታችሁ ውጡ። መድኃኒት የሚያዘው የሕክምና ባለሙያው መሆኑን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሥራ ደግሞ በንግግር ማከም መሆኑን ለዩ፤ አንዳንዱ ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል። የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼሃችሁን አትተዉ፤ ወደ ባለሙያ መሄዳችሁንም አትደብቋቸው። ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። «አንድ ዘመዴ ነው» ለምትሉኝም፣ ዘመዳችሁ እናንተው ብትሆኑም እኔ አልጠይቃችሁም፤ ደውሉ።